አንድ በር፣ ሁለት ግድግዳ፦ በተጠጋጉ ግድግዳዎች ውስጥ በርና መስኮት ስለ መንደፍ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ጠባብ ሊመስል ይችላል። ሁለት ግድግዳዎች ጀርባ ለጀርባ ተጠግተው ሲቆሙና አንድ በር ወይም መስኮት ሁለቱንም አቋርጦ እንዲያልፍ ሲፈለግ፣ ይህን በኮምፒዩተር የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም እንዴት እንሠራዋለን? ጥያቄውን የወለደው ግን ኮምፒዩተሩ አይደለም። በስማዳም፣ በጋይንትም፣ በእስቴም ቤት ሲጠብ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አሮጌውን አያፈርስም፤ ከጎኑ ይቀጥልበታል። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያውም እንዲሁ ናቸው። አሮጌው የድንጋይ ግድግዳ ባለበት ይቆያል፣ አዲሱ የብሎኬት ግድግዳ ይጠጋዋል፣ ከዚያም በሁለቱ መካከል መተላለፊያ ይከፈታል።

ግንበኛው የሚያስበው ስለ መተላለፊያው ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያስበው ስለ ግድግዳው ነው። ሬቪትም ሆነ አርኪካድ በርን የሚያውቁት የአንድ ግድግዳ ጥገኛ አድርገው ነው። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ በሩ ይከተለዋል፤ ሲሰረዝም አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ ተማሪው በሩን በአዲሱ ግድግዳ ላይ ሲያስቀምጥ አዲሱ ይከፈታል፣ ከጀርባው ያለው አሮጌ ግድግዳ ግን ድፍን ሆኖ ይቀራል። ይህን ያየ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በአሮጌው ላይም ሁለተኛ በር ያስገባል። ሥዕሉ ያምራል። የበርና መስኮት ሠንጠረዡ ግን አሁን ሁለት በር ይቈጥራል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የማስፋፊያ ንድፍ ላይ በዚህ መንገድ አራት መተላለፊያዎች ስምንት የብረት በር ሆነው በግዥ ዝርዝሩ ውስጥ ተመዝግበው አይቻለሁ። ስምንት በር የሚገዛ ገንዘብ ለአንድ የገጠር ተቋም ቀላል አይደለም።

መፍትሔው እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። በሬቪት፣ ግድግዳዎቹ ትይዩ ሆነው ከተጠጉ፣ ሁለቱን በማጋጠሚያው ትእዛዝ ስናያይዛቸው የአንዱ በር ሌላውንም ይከፍታል፤ በሩ ግን አንድ ሆኖ ይቈጠራል። አንዱን ግድግዳ ብናርቀው ወይም ግጥሚያውን ብንፈታው ቀዳዳው ተመልሶ ይደፈናል፤ ስለዚህ ንድፉ በተለወጠ ቍጥር ተቋራጩ ከሚያየው ሥዕል በፊት የቁመት ቅዱን መመልከት ያስፈልጋል። በአርኪካድ በሩን ለአንዱ ግድግዳ ሰጥተን በሌላው ላይ ባዶ ክፍተት እናስገባለን፤ ይህ ባዶ ክፍተት በሠንጠረዡ ውስጥ እንደ በር እንዳይዘረዘር መለየት አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው 23ኛው እትም ወዲህ ደግሞ ብዙ አካላትን በአንድ ጊዜ የሚከፍት ራሱን የቻለ መሣሪያ አለ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ሁለቱን ግድግዳዎች አንድ ወፍራም ባለ ብዙ ንብርብር ግድግዳ አድርጎ መሣል ይቀላል ይላሉ። መቅለሱ እውነት ነው፤ እኔ ግን ለማስፋፊያ ሥራ አልመክረውም። ምክንያቱን በልኬት እንየው። አሮጌው የድንጋይ ግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር፣ አዲሱ ብሎኬት 20 ሴንቲ ሜትር፣ መተላለፊያው 1 ሜትር ወርድና 2.10 ሜትር ቁመት ይሁን። ከአሮጌው 1.05 ሜትር ኩብ ድንጋይ ፈርሶ ይወጣል፤ ማፍረሱም፣ ማጓጓዙም፣ እስኪያልቅ ድረስ ከላይ ያለውን ደግፎ ማቆየቱም ይከፈልበታል። ከአዲሱ ግን የሚፈርስ የለም፤ 2.10 ሜትር ካሬ ብሎኬት ሳይገነባ ይቀራል። አንድ ወፍራም ግድግዳ ይህን ልዩነት ይውጠዋል።

ሌላው ጉበኑ ነው። ፕሮግራሙ ቀዳዳ ይከፍታል እንጂ ከቀዳዳው በላይ ያለውን ሸክም ማን እንደሚይዘው አይጠይቅም። ለብሎኬቱ ብቻ አርኪትራቭ ተሥሎ አሮጌው ድንጋይ ያለ ጉበን ከተከፈተ፣ አደጋው የሚደርሰው በሚያፈርሰው ሠራተኛ ላይ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጉበን ይኑራቸው። መቃኑም በአንዱ ላይ ብቻ ይታሰር። በደብረ ዳሞ ዓይነቱ ጥንታዊ አሠራር ግድግዳውን የሚሻገሩ እንጨቶች፣ የዝንጀሮ ራስ የምንላቸው ሳይቀሩ፣ ግንቡን ያስተሳስሩታል፤ ያ ግን አንድ መሠረት ላይ የቆመ አንድ ግንብ ነው። አሮጌው መሠረት መስጠም የነበረበትን ያህል ሰጥሞ ረግቷል፤ አዲሱ ገና ይሰጥማል። ሁለቱን በአንድ መቃን ብናስር በሩ ይጣመማል፣ ልስኑም ይሰነጠቃል። በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ትተን፣ በአንድ ወገን ብቻ በተመታ ጣውላ መሸፈን ይሻላል። ይህ ጣውላ በፕሮግራሙ ውስጥ ከበሩ ጋር አይመጣም፤ ነዳፊው ራሱ ይጨምረዋል።

ግድግዳዎቹ ጭራሽ ባይነካኩስ? የዚህን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው የጋይንቷ ቤተ ልሔም፣ ቶማስ ፓከንሃም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለውጭ አንባቢ ያስተዋወቃት፣ ከውጭ ክብ ቤተ ክርስቲያን ትመስላለች። ውስጧ ግን ከክቡ ቀድሞ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ አለ። ከውጭ ገብቶ ወደ ውስጠኛው የሚያልፍ ሰው አንዱን ግድግዳ ከተሻገረ በኋላ ሌላውን ይሻገራል። እዚህ ላይ የማጋጠሚያው ትእዛዝ አይሠራም፤ አንዱ ግድግዳ ጎባጣ፣ ሌላው ቀጥ ያለ ነውና ትይዩ አይደሉም፣ በመካከላቸውም ቦታ አለ። በሮቹም በእውነት ሁለት ናቸው፤ ሠንጠረዡ ሁለት ቢቈጥር ልክ ነው።

እንዲህ ያለውን ሕንፃ ለሚለኩ ተማሪዎቼ የምሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ በሕንፃው ርዝመት ልክ አንድ የመካከል መሥመር በቅድሚያ ይዘርጉ፤ የእያንዳንዱን በር ርቀት ከዚያ መሥመር ይለኩ እንጂ ከሌላው በር አይለኩ። የቆየ ሕንፃ በሮቹ ሙሉ በሙሉ ትይዩ ላይሆኑ ይችላሉ። ፕሮግራሙ አስተካክሎ ሊያሰልፋቸው ሲሞክር እምቢ ማለት አለብን፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝንፈት ካለ በሥዕሉም ላይ እንዳለ ይቀመጥ።