የአስቸኳይ ጭነት ባለመኪና ለመሆን

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ በሚሺጋንና በኦሃዮ ግዛቶች፣ አውቶሞቢል የሚሠሩት ፋብሪካዎች የሚገጣጥሙትን ዕቃ በመጋዘን ማከማቸት ትተው እያንዳንዱ ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት ከደጃቸው እንዲደርስ ሥራቸውን ስላደራጁ፣ አንዲት ትንሽ ሣጥን የዘገየች እንደ ሆነ የመላው ፋብሪካ ሥራ ሊቆም ይችላል፤ የሥራው መቆም የሚያስከትለው ኪሣራም ከመኪና ኪራይ እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ፋብሪካው ያችን ሣጥን ብቻዋን በአንድ መኪና አስጭኖ በመንፈቀ ሌሊት ለማስመጣት አያመነታም። በነጂዎቹ ዘንድ «ኤክስፒዳይት» የሚባለው የአስቸኳይ ጭነት ንግድ ከዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ይመገባል። ጭነቱ ከላኪው ደጅ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ በየመጋዘኑ ሳይራገፍ በቀጥታ ተቀባዩ እጅ ይገባል፤ መድኃኒትና የሐኪም ቤት መሣሪያ፣ የአውሮፕላን መለዋወጫም በዚሁ ሥርዓት ይጓዛሉ።

ይህን ሥራ የሚያካሂዱት ታላላቅ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ቀድሞ ሮበርትስ ኤክስፕረስ ይባል የነበረው የኦሃዮው ፌዴክስ ከስተም ክሪቲካል፣ ጭነቱን የሚያደርሱት መኪናቸው የግላቸው በሆነ ባለንብረቶች ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በሰው መኪና ተቀጥረው ሲነዱ ከቆዩ በኋላ ባለመኪና ለመሆን ይመኛሉ፤ ምኞቱም የሚያስከብር ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛውን መኪና እንደሚገዛ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚቀድመው ጥያቄ ያለ ገቢ ቤተሰቡን ስንት ሳምንት ማስተዳደር እንደሚችል ነው፤ የአስቸኳይ ጭነት ነጂ ለደንበኛው የሚሸጠው ዝግጁነቱን ሆኖ ሳለ፣ ዝግጁ ሆኖ ጥሪ የሚጠብቅበትን ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የለምና።

መኪናው ከካርጎ ቫን ጀምሮ መኝታ እስካለው፣ የጭነት ሣጥኑ ከራሱ ጋር ከተያያዘው ስትሬት ትራክና እስከ ተሳቢው ድረስ ሊሆን ይችላል። የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ከ26,000 ፓውንድ የሚያልፍ መኪና ሲዲኤል የተባለውን የንግድ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ10,000 ፓውንድ የሚያልፈው ደግሞ ከግዛት ወደ ግዛት ሲጭን የሐኪም ምስክር ወረቀትና የሥራ ሰዓት ሕግ ይከተለዋል። በዚህ ሕግ ነጂው ለ10 ሰዓት ካረፈ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ ሊነዳ አይችልም፤ ጭነቱ ግን መዓልትና ሌሊት መጓዝ ስላለበት ሁለት ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየነዳ ይሠራሉ።

ለመጀመር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የራስን የመሥሪያ ፈቃድ ከፌዴራሉ የጭነት መኪና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማውጣት ነው፤ የማመልከቻው ዋጋ 300 ዶላር ብቻ ቢሆንም፣ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ መኪና ሕጉ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኀላፊነት ዋስትና (ኢንሹራንስ) ያዝዛል፣ ብሮከር የሚባሉት የጭነት ደላሎችም በአብዛኛው አንድ ሚሊዮን ይጠይቃሉ፤ ለጀማሪ የኢንሹራንሱ ክፍያ እጅግ ከባድ ነው። ሁለተኛው በጽሑፍ ውል ለአንድ ድርጅት መኪናን አከራይቶ በእርሱ ፈቃድ መሥራት ነው፤ ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ውሉ ግን በጽሞና ይነበብ። የፌዴራሉ ደንብ ባለመኪናውን የሚጠብቁ አንቀጾች አሉት፤ ከክፍያው የሚቀነሰው ሁሉ በውሉ ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ ነጂው የማስረከቢያውን ወረቀት ባቀረበ በ15 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ክፍያው ከጠቅላላው ኪራይ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነም የኪራዩን ደረሰኝ ቅጂ የማግኘት መብት አለው፤ በመያዣ የተቀመጠው ገንዘብም ተገቢው ሂሳብ ተቀንሶ፣ ውሉ በፈረሰ በ45 ቀን ውስጥ ይመለስለታል።

ሂሳቡን በተመለከተ ብዙዎችን የሚያሳስተው ባዶ ማይል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በማይል 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚከፈልበትን የ600 ማይል ጭነት ለማንሣት 200 ማይል በባዶ የሄደ ሰው 900 ዶላሩን ለ800 ማይል ሲያካፍለው የሚደርሰው 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ብቻ ነው፤ ካራገፈበት ከተማ ጭነት ካጣ ደግሞ ወይ ጥሪ እስኪመጣ መሰንበት፣ ወይ እንደገና በባዶ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ከዚያችም ላይ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ዘይትና ኢንሹራንስ ይወጣሉ፤ ተቀጣሪ ባለመሆኑም ከተጣራው ትርፍ 15.3 በመቶ ገደማ የሆነውን የራስ ሥራ ግብር ከገቢ ግብሩ ጋር በዓመት አራት ጊዜ አስቀድሞ ይከፍላል።

ስለዚህ ባለመኪና ለመሆን የሚመኝ ሰው ለመኪናው ቀብድ ያጠራቀመውን ሁሉ ከማፍሰሱ በፊት፣ ለጥገናና ጥሪ ለሚጠብቅበት ጊዜ የሚሆን ገንዘብ በሌላ ሂሳብ ይለይ፤ ከዚያም ሊዋዋል ባሰበው ድርጅት የሚሠሩ ባለመኪናዎችን ባለፈው ወር ስንት ቀን ያለ ጭነት እንደ ቆሙና ስንት ማይል በባዶ እንደ ነዱ ይጠይቅ፤ ውሉን ወደ ቤት ወስዶ እንዲያነብ የማይፈቅድለት ድርጅት ካጋጠመውም ሳይፈርም ይመለስ።