ከዓይን በስተጀርባ ያለው መሰናክል

ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰው የዕይታ ነርቭ 1 ሚሊዮን ያህል ክሮች አሉት። ነርቩ ወደ ራስ ቅል ሲገባ ለአንጎል ደም ከሚያደርሰው ትልቅ ደም ቅዳ ጋር ይጎራበታል። የደም ቅዳው ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲያብጥ እብጠቱ «አኑሪዝም» ይባላል። ይህ እብጠት ነርቩን ከተጫነ ክሮቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ የሞተ ክር ደግሞ መልሶ አያድግም። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይን ስለሚጀምርና ጤናማው ዓይን ጉድለቱን ስለሚሸፍን፣ ሳናውቀው ሊቆይ ይችላል። መነጽርም አይረዳም፤ ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ነውና። ስለዚህ አንዱን ዓይን ሸፍነን በሌላው ብቻ እየተመለከትን ሁለቱን እናነጻጽር፤ ቀይ ቀለም በአንደኛው ደብዝዞ ከታየን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አንዘግይ። ክሮቹ ገና ሳይሞቱ ግፊቱ ከተወገደ ዕይታ ሊመለስ ይችላል።