የሁለተኛው ዓመት ገንዘብ

የውጭ አገር ትምህርት በማማክርበት ቢሮ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ክፍያን ነው። «ጀርመን ትምህርት በነጻ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። በአብዛኛው እውነት ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ የመጣውንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁትም፤ የሴሚስተር መዋጮው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 350 ዩሮ ነው። ሆኖም የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ማስከፈል ጀምሯል።

እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ «ልጁ ሁለተኛውን ዓመት በምን ይኖራል?»

ለቪዛ ማመልከቻ የአንድ ዓመት መኖሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጸው ወዲህ 11,904 ዩሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ተማሪው የሚያወጣው በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ለጤና መድን ብቻ ወደ 140 ዩሮ ይሄዳል፤ በተረፈው ቤት ይከራያል፣ ይበላል። ቤተሰቡ ዕቁብ አውጥቶ፣ መኪና ሸጦ፣ አሜሪካ ያለችውን አክስት ለምኖ ይህን ይሞላል። ልጁም ተሸኝቶ ይሄዳል። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ ግን የመተዳደሪያ ማስረጃ እንደገና ይጠየቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ያጠራቀመ ቤተሰብ ለሁለተኛው ዓመት ያሰበው ገንዘብ ግማሽ ያህል ቀረ።

«ሠርቶ ይሸፍናል» የሚለው መልስ ያሳስበኛል። ሕጉ ለተማሪ የሚፈቅደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጀርመንኛ ለማይችል ሥራው በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ሌሊት ሠርቶ ቀን መማር ፈተና ያስወድቃል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን የግዴታ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ ይሰናበታል፤ ያንኑ ሙያ ሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም አያስቀጥለውም።

ስለዚህ አቅሙ ውስን ለሆነ ቤተሰብ የምመክረው አንድ ነው፦ ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ ይያዝ፤ እግረ መንገዱን ጀርመንኛ ይማር። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ በብዛት የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው፤ ከ12ኛ ክፍል የሄደ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሴሚስተር የሚፈጅ መሰናዶ ይጠብቀዋል። የእንግሊዝኛው ዕድል የሰፋው በማስተርስ ነው። ማስተርስ የሁለት ዓመት ትምህርት ስለሆነ ወጪው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሲጨርስም ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጠዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ንብረት ከመሸጣችሁ በፊት የሁለተኛውን ዓመት ገንዘብ ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደሚልክ በወረቀት አስፍሩ። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ልጁን አንድ ዓመት አቆዩት፤ ዩኒቨርሲቲው የትም አይሄድም።