የእናት ጭንቀትና የልጅ አንጀት

ነፍሰ ጡር ለክትትል ስትመጣ የደም ግፊቷን እንለካለን፣ ደም ማነስ እንዳለባት እናያለን። ስለ ጭንቀቷ ግን ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ እንሸኛታለን። ይህ ያሳስበኛል።

በኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት የ56 ሕፃናትን ሰገራ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተከታትለው መርምረዋል። የእናቶቹን ጭንቀት ደግሞ በእርግዝናው መጨረሻ አካባቢ፣ በመጠይቅና ምራቃቸው ውስጥ ባለው ኮርቲሶል ለክተው ነበር። ኮርቲሶል ስንጨነቅ ሰውነታችን በብዛት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። በጣም የተጨነቁት እናቶች ልጆች አንጀት ውስጥ እንደ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪያ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አንሰው፣ እነ ኢ. ኮላይ የሚመደቡበት ወገን በዝቶ ተገኘ። እናቶቹ እንደተናገሩት እነዚህ ሕፃናት የሆድ ችግርና አለርጂም በዝቶባቸው ነበር። ጡት መጥባት ከግምት ሲገባም ልዩነቱ አልጠፋም።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ዝምድናን ያሳያል እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። ሊሆን የሚችለውን መንገድ የሚጠቁሙት በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው፦ በእርግዝና ወቅት የተጨነቁ አይጦች በማህፀን በር አካባቢ ያላቸው ላክቶባሲለስ ቀንሷል፤ ግልገል ደግሞ ሲወለድ የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች የሚያገኘው ከዚያው ነው።

እባካችሁ፣ ይህን እናትን ለመውቀስ አትጠቀሙበት። ጭንቀቷ ከቤት ኪራይ፣ ከሥራ ጫና ወይም ከትዳር ሊመጣ ይችላል፤ ባልና ቤተ ዘመድ ሸክሙን ሊጋሯት ይገባል። አንቺም እህቴ፣ እንቅልፍ ካጣሽ ወይም ሐሳብ ከበዛብሽ፣ እስክትጠየቂ ሳትጠብቂ ለአዋላጅሽ ወይም ለሐኪምሽ ንገሪ።