ማሽላው ሳይታጨድ የሚከፈት ትምህርት

ክረምቱን አሰቦት አካባቢ በማሽላ ሙከራ ላይ ያሳለፈ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ መንገዱ አቀበት ነው፤ ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጭሮ ይወጣል፣ ሂርናንና ቁልቢን አልፎ ግቢ ይደርሳል። ጓደኞቹ የሚጠይቁት የታወቀ ነው፦ «ዳታ ጨረስክ?» አልጨረሰም። ሰንፎ እንዳይመስላችሁ፤ ማሽላው ገና ማሳ ላይ ቆሟል።

ነገሩ የካሌንደር ጉዳይ ነው። በሚኤሶና በአሰቦት ቆላ ዝናቡ አያስተማምንም፤ ዘግይቶ ይገባል፣ አንዳንዴም እህሉ ሲያሸት ጥሎ ይሄዳል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሚኤሶን ከማሽላ መሞከሪያ ቦታዎቹ አንዱ ያደረጋት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንደ «መልካም» ያሉ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች የሚታሰቡትም ለእንዲህ ያለ አገር ነው። ቶሎ ይደርሳል የተባለውም ቢሆን ግን አራት ወር ገደማ ይፈልጋል። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ የተዘራው የሚታጨደው ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም። ስለዚህ ተማሪው ይዞት የሚመጣው ደብተር እስከ ግማሽ የተሞላ ነው። ስንቱ እንደበቀለ፣ በስንተኛው ቀን ዘለላ እንዳወጣ፣ ቁመቱ ስንት እንደሆነ ተጽፎበታል፤ «ምርት በሄክታር» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።

የተሞላው ግማሽ ግን ቀላል አይደለም። አቀንጭራን እንውሰድ። የዚህ ጥገኛ አረም ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ያኔ ከሥሩ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል፤ ከመሬት በላይ ብቅ የሚለው ከሳምንታት በኋላ፣ ጉዳቱን ካደረሰ ወዲያ ነው። ገበሬው አርሞ አርሞ የማይገላገለውም ለዚህ ነው። ቆጠራው በነሐሴና በመስከረም ይካሄዳል፤ ተማሪው በየመደቡ ጎንበስ ብሎ ብቅ ያለውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ያመለጠ ሳምንት ተመልሶ አይቆጠርም።

የማሽላ ተመራማሪው የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሥራ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ ያንን ቀስቃሽ ኬሚካል እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ ከተገኘ፣ አቀንጭራው አጠገቡ ተኝቶ ይቀራል። ጎቢዬና አብሺር የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ጥናት ውጤት ናቸው፤ እርሳቸውም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ወደ ድኅረ ምረቃ የገቡበት መንገድ ነው። የዛሬው ሐረማያ ገና የዓለማያ ኮሌጅ ሳለ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ግድም፣ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ጆን አክስቴል ጋር ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የማሽላ ዘር ይሰበስቡ ነበር፤ አክስቴል ለከፍተኛ ትምህርት የጋበዛቸው ያን ሥራቸውን አይቶ ነው። መጀመሪያ ማሳው ነበር። አሁን የተለመደው ሌላ ነው፦ ፕሮፖዛሉ ግቢ ውስጥ ተጽፎ ይጸድቃል፣ ከዚያ ተማሪው ማሳ ይወርዳል፣ እዚያ ያየው ከፕሮፖዛሉ ጋር ካልገጠመ የሚያስገባበት ቦታ ያጣል።

ሐረርጌ ላይ ከማይገጥሙት ነገሮች ዋናው አገዳ ይመስለኛል። ገበሬው ጠቅጥቆ ይዘራል፣ እያሳሳ የነቀለውን ለከብት ያቀርባል፣ ቅጠሉንም እየቀነጠሰ ይመግባል፤ ከአጨዳ በኋላ አገዳው መኖም፣ ማገዶም፣ አጥርም ነው። አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የገነነው የሐረርጌ ሰንጋ የሚደልበው በዚህ ዘዴ ነው። የሙከራው መደብ ግን በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሴንቲ ሜትር ይተዋል፤ ቶሎ የሚደርሰው ዝርያም አጭር ነው። ይህን አይቶ «እህሉስ እሺ፣ ከብቱ ምን ይብላ?» የሚል ገበሬ አዲስ ነገር ይጠላል ማለት ስህተት ነው፤ ሒሳቡ እህልና አገዳ የሚባል ሁለት ዓምድ ስላለው ነው። በዚያ ላይ ወፍ አለ። ከአካባቢው ማሽላ ሁሉ ቀድሞ የሚያሸት መደብ የሰፈሩን ወፍ በሙሉ ይጠራል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ ከሌለ፣ በኅዳር የሚመዘነው ምርት ከወፍ የተረፈው ነው፤ በቴሲሱ ሰንጠረዥ ላይ ግን የዝርያው አቅም ተብሎ ይጻፋል።

አማካሪ ከክረምት የተመለሰ ተማሪውን ሲያገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ አገዳውና ስለ ወፉ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ «የጥናቱ ውስንነቶች» በሚል አንድ አንቀጽ ውስጥ ይጨመቃል፤ እኔ ግን ጥያቄውን ራሱን ሊቀይር የሚችል ግኝት አድርጌ አየዋለሁ። ማስተካከያው ከባድ አይደለም፦ ፕሮፖዛሉ በጥቅምት እንዲከለስ መፍቀድ፣ ለአገዳ አንድ ዓምድ መጨመር፣ የኅዳሩን ጉዞ ከበጀቱ መጀመሪያ ላይ መያዝ። አገዳ ለመመዘን ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ገመድና ግማሽ ቀን ይበቃል። ቀኑ ግን የአጨዳው ቀን መሆን አለበት። ተማሪው ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ከሆነ እህሉን የልማት ሠራተኛው ይመዝንለት ይሆናል፤ አገዳው ግን በማግስቱ ተጭኖ ወደየቤቱ ይሄዳል።