በስልክ መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ አንዲት አክስታችን «ጣሪያ እንጠግናለን» በሚሉ ሰዎች ጥሪ ከተሰላቹ ቆይተዋል። ከደዋዮቹ አንዱን አምነው ቅድሚያ ክፍያ ቢልኩለትም ጠጋኙ ውኃ ሆኖ ቀረ። ባዩት ቁጥር መልሰው ሲደውሉ ያነሣው ስለ ጣሪያ አንዳች የማያውቅ የሰፈራቸው ነዋሪ ነበር። «ልጄ፣ ፊዚክስ የተማርከው ለዚህ አይደለም ወይ? እስቲ አስረዳኝ» አሉን። የሰጠናቸውን ማብራሪያ ለአንባቢያንም ይጠቅማል ብለን እነሆ እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የደዋዩ ቁጥር በመለኪያ የተገኘ ውጤት አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ሙቀትን የሚነግረን ከሚለካው አካል ጋር ስለሚነካካ ነው። የደዋዩ ቁጥር ግን በፖስታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ የላኪ አድራሻ ከጥሪው ጋር የሚላክ መልእክት ብቻ ነው። ቀድሞ ይህን መልእክት በአብዛኛው የሚሞላው የስልክ ኩባንያው ነበር። ጥሪ በኢንተርኔት መላክ ከተጀመረ ወዲህ ግን የደዋዩ ኮምፒዩተር የፈለገውን ሊሞላበት ይችላል። በመሆኑም አጭበርባሪው የተጠሪውን ቁጥር የመጀመሪያ ስድስት አኃዞች እንዳሉ ይወስድና የቀሩትን አራት በዘፈቀደ ይሞላቸዋል። ከሚገኙት 10,000 ቁጥሮች ብዙዎቹ የጎረቤት መሆናቸው አያስገርምም።

አክስታችን ያስተዋሉት ሌላም ነገር አለ። «ሄሎ» ካሉ በኋላ ሰው እስኪናገር ድረስ አጭር ዝምታ ይሰማል። ይህ ዝምታ የሒሳብ ውጤት ነው። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎች አመጣጥ የፖይሶን ሥርጭትን እንደሚከተል አሳየ። የእርሱ ዓላማ የስልክ ቤት ደንበኞች ሳይጉላሉ እንዲስተናገዱ ነበር። የዛሬው ደዋይ ማሽን የዚያኑ ስሌት ገልብጦ፣ ብዙዎች እንደማያነሡ ቀድሞ በመገመት፣ ካሉት ሻጮች ቁጥር በላይ ይደውላል። ተጠሪው ሲያነሣ ሥራ ያልያዘ ሻጭ እስኪገኝ ዝም ይላል። የአገሪቱ ደንብ ከሰላምታው በኋላ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ከሻጭ ጋር ያልተገናኘን ጥሪ እንደተጣለ ይቆጥረዋል፤ የተጣሉትም ከተነሡት ጥሪዎች ከ3 በመቶ እንዳይበልጡ ያዛል። አጭበርባሪ ግን ደንብ አይቆጥርም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው «አትደውሉልኝ» የሚባለው መዝገብም የሚረዳው በዚሁ ልክ ነው። መዝገቡ ሕግ አክባሪ ነጋዴ የሚያየው ዝርዝር እንጂ ጥሪን የሚያግድ መሣሪያ አይደለም። ከእርሱ ይልቅ ወደ ፊዚክስ ጠባይ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች በኢንተርኔት መስመሮቻቸው እንዲጠቀሙበት የተገደዱበት ዲጂታል ፊርማ ነው። ጥሪውን የሚያስነሣው ኩባንያ በምስጢር ቁልፉ ይፈርማል፤ ተቀባዩ ኩባንያ ፊርማውን ይመረምራል። ይሁን እንጂ ጥሪው በመንገዱ በአሮጌ መስመር ካለፈ ፊርማው ይጠፋል። ከዚህም በላይ ፊርማው የሚመሰክረው ደዋዩ በቁጥሩ የመጠቀም መብት እንዳለው ብቻ ነው፤ ጣሪያ መጠገን መቻሉን አይመሰክርም።

«ስሙን የማታውቁትን ጥሪ አታንሡ» የሚለው የተለመደ ምክር ለአክስታችን አይሆንም። ከአዲስ አበባ የሚደወል ጥሪ አንዳንዴ በእንግዳ ቁጥር ስለሚገባ፣ መርዶም ይሁን ምሥራች እንዳያመልጣቸው ያነሣሉ። ስለዚህ ምርመራውን ከስልኩ መስኮት አውጥተን በሌላ መንገድ ማድረግ ነበረብን። በሜሪላንድ ቤት የሚጠግን ሥራ ተቋራጭ ከግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ውል ሳይፈረምም ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ ሲፈረምም ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ እንዳይበልጥ ሕጉ ይከለክላል። የፈቃዱን ቁጥር ከኮሚሽኑ ዘንድ ማጣራት ይቻላል። የሐሰት ደዋይ የእውነተኛ ድርጅትን የፈቃድ ቁጥር ሊጠራ ስለሚችልም፣ መልሶ መደወል የሚገባው ራሳችን ፈልገን ባገኘነው የድርጅቱ ስልክ ነው።

አክስታችን አሁን ዝምታውን ሲሰሙ ይዘጋሉ። ሰው ቀድሞ ከተናገረ ግን የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቃሉ፤ እስካሁን አንዱም እንዳልነገራቸው አጫውተውናል።