ጎረቤት ቤት በርቶ እኛ ቤት ለምን ጨለመ?

ደጋ ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይወርዳል፣ መብራት ይሄዳል፤ ሲያባራ ሁሉም በር ላይ ወጥቶ ግራ ቀኙን ያያል። «እነሱ ጋ አለ!» ይላል አንዱ። እውነትም ከመንገዱ ማዶ በርቷል፣ እኛ ጋ ድፍን ጨለማ ነው፣ ሦስተኛው ቤት ደግሞ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ቀልቶ ይጨናበሳል። ልጅ ሆኜ ይህ እንቆቅልሽ ይሆንብኝ ነበር። መልሱን ካወቅሁ ወዲህ ለሰው ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩምና እስቲ ልንገራችሁ።

ወደ ከተማው የሚገባው መስመር ኃይለኛ ነው፤ በአብዛኛው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ሽቦዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱ ፌዞች የሚባሉት። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ያንን አውርዶ ለየቤቱ 220 ቮልት ያደርሳል። ቤቶቹ ደግሞ በሦስቱ ፌዞች ተከፋፍለው ነው የተቀጠሉት፤ የእናንተ በአንዱ፣ የጎረቤት በሌላው። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ አንድ ሽቦ ሲበጠስ የሚጨልመው በዚያ ፌዝ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው።

የደብዛዛው መብራት ነገር ግን ከዚህ ይበልጥ ይገርማል። ትራንስፎርመሩ ካለበት ምሰሶ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ፤ አጫጭር ቱቦ የመሰሉ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ፊውዞች ናቸው። ቅርንጫፍ መስመሩ ላይ ሲወድቅ ወይም መብረቅ ሲመታው ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ይቀልጥና ቱቦው ከላይ ተላቅቆ ቁልቁል ይንጠለጠላል። የመስመር ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ የትኛው እንደተቃጠለ በዓይኑ እንዲለይ ታስቦ የተሠራ ብልሃት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲወድቅ ትራንስፎርመሩ ጨርሶ አያቆምም። በተለመደው የሰፈር ትራንስፎርመር አንዱ የቤት ፌዝ ሙሉ ኃይሉን እንዳገኘ ይቀጥላል፤ ሁለቱ ግን ግማሽ ግማሹን፣ ወደ 110 ቮልት ገደማ፣ ይደርሳቸዋል። ያ ቀይ አምፖል ግማሽ ራት የበላ አምፖል ነው።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላችኋለሁ። ከሦስቱ ፌዞች ሌላ ኒውትራል የሚባል የጋራ መመለሻ ሽቦ አለ። እሱ ሲበጠስ አንዱ ቤት ቮልቱ ሲወርድ ሌላው ቤት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው። ከዝናቡ በኋላ አምፖላችሁ ከወትሮው በላይ ቦግ ካለ ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ ወዲያው አውርዱ። መንገድ ላይ የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ደግሞ የሞተ ቢመስልም አትጠጉት፤ ልጆችንም አርቁ።

ሽቦውን የሚጥለው ዛፍም ታሪክ አለው። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ኤሌክትሪክም በዚያው ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ በራ። ዛሬ በብዙ ከተሞች መስመሩን የተሸከመው ምሰሶ ባሕር ዛፍ ነው፣ በነፋስ ተገንድሶ የሚወድቅበትም ባሕር ዛፍ። እኛ ሰፈር እንዲህ ሲሆን የእድሩ ጎልማሶች መጥረቢያ ይዘው ይመጣሉ፤ ሠራተኛው መስመሩን አጥፍቶ «አሁን ቁረጡ» እስኪል ግን አንድም ሰው አይነካውም።

ጥገናው አልቆ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ምጣድ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን 350 ፍሬ ማለት ነው። በደህናው ቀን አንዷ ጠዋት ትጋግራለች፣ ሌላዋ ማታ፤ ጭነቱ በሰዓት ይከፋፈላል። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ግን የሁሉም ሊጥ በአንድ ላይ ይጠብቃል፣ ሳይነቀል የቀረም ምጣድ አለ። መብራቱ ሲለቀቅ ሁሉም እኩል ይስባሉ፤ አዲሱ ፊውዝ ይቀልጥና ሠራተኛው ከመንገድ ይመለሳል። ስለዚህ መብራት ከመለቀቁ በፊት ልጆች በየበሩ እየሮጡ «እትዬ፣ ምጣድ ይንቀሉ!» ይላሉ። እኔም ጠርቻለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ከጥገናው እኩል የምቆጥረው ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያውቁት አንዲት ባለ ወፍጮ ናቸው። የወፍጮ ዲናሞ ሦስቱንም ፌዝ ይፈልጋል። አንዱ ጎድሎ ከተነሳ እያጓራ ይግላል፣ ቶሎ ካላጠፉት ይቃጠላል፤ ማስጠቅለሉ የብዙ ቀን ገቢ ይበላል። እሳቸው በአንድ የጤፍ ወፍጮ ጀመሩ። እቁቡ ሲደርሳቸው ለበርበሬ ሌላ ለይተው ተከሉ፤ በርበሬ በፈጨ ወፍጮ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው የለምና። ቀጥሎ በጎን ሽሮና በርበሬ የሚሸጡበት ባልትና ከፈቱ። ደንበኛ የበዛላቸው ዲናሟቸው ስለማይቃጠል ነው ብዬ አምናለሁ፤ መብራት በመጣ ሰዓት እሳቸው ጋ ይፈጫል።

ዘዴያቸው ግድግዳው ላይ ነው። ሦስት አምፖል በሦስቱ ፌዝ ላይ አሠርተው ጎን ለጎን ሰቅለዋል። ሴቶቹ ጆንያቸውን አሰልፈው ሲጠብቁ መብራት ይመጣል፤ እሳቸው ግን ወደ ማስነሻው አይቸኩሉም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አምፖሎቹን ያያሉ፤ አንዱ ከቀላ ይቀመጣሉ። ሦስቱም እኩል ነጭ ሲሆኑ «በሉ፣ የመጀመሪያዋ ማን ናት?» ይላሉ።